የግራዝማች ዓባይነህ ሁለተኛ ዓይን

ኅዳር ዐሥር ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፤ በከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው የበቅሎ መንገድ ላይ ጭቃው ገና አልጠናም፤ ከዋንዛው ጥላ ሥር ያለው ቡና ቀልቶ ቅርንጫፉን አጉብጧል፤ ለቀማ ላይ መዋል የነበረበት ሕዝብ ግን ቅርጫቱን ጥሎ አዲስ ወደተሠራችው የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይጎርፍ ነበር። የመልአኩ በዓል ገና ከነገ ወዲያ ነው፤ ሕዝቡን ያስቸኮለው ወሬ ነበር፤ «ግራዝማች ዓባይነህ ከኃጥአን ወገን ተሥለዋል» የሚል ወሬ።

ለወሬው ምክንያት የሆነው ሠዓሊው ባምላኩ ነበር። ባምላኩን ሥዕል ያስተማረው ሰው የለም። አባቱ ከሰሜን የመጡ ወታደር፣ እናቱ የሸኮ ሰው ነበሩ፤ አባቱ ዳዊት ሲያስደግሙት በከሰል ወፍ እየሣለ ይቆነጠጥ ነበር፤ እናቱ ደግሞ ቀፎ በተሰቀለበት ትልቅ ዛፍ ሥር ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበርና፣ እሱም ዛፍ በሣለ ቁጥር ትንፋሹን ይይዝ ነበር። የልብስ እጥፋትን ከካቶሊክ ሚሲዮን ከመጣች መዳፍ ከማትሞላ የማርያም ሥዕል ተማረ፤ ዓይንን ደግሞ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሚዛን ሱቅ ከከፈተው ከኸይሩ ዘንድ፣ ከስኳሩ ጆንያ በላይ ከተሰቀለችው የህንድ ተዋናይት ካላንደር። ትምህርት ቤቱ ይኸው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሱቅ በር እንጂ ግድግዳ ሥሎ አያውቅም፤ ይህች ግድግዳ የመጀመሪያው ነበረች።

ግድግዳዋን ያሠሩት ግራዝማች ዓባይነህ በወጣትነታቸው ማሻ አገር ማር ሲያስቆርጡ ንብ ነድፏቸው፣ ግራ ዓይናቸው እንደተከደነ የቀረ ሰው ናቸው። ከመልአኩ እግር ሥር ተንበርክከው እንዲሣሉ ሲመጡ ቀኝ ጎናቸውን አዙረውለት ተቀመጡና ሳንቲም አውጥተው «እንዲህ አድርገህ ሣለኝ» አሉት። ባምላኩ በጎን ሣላቸው። ከመልአኩ ጦር ሥር ለወደቀው ሰይጣን ደግሞ፣ የመጣበትን አይቶ ይፍራ ብሎ ሁለት የፈጠጡ ዓይኖች ሰጠው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ በጎኑ ባንድ ዓይን እንደሚሣል የነገረው አልነበረም።

«ባምላኩ፣ ልጄ» አሉ የቤተ ክርስቲያኒቱ ቄስ መምሬ እንድርያስ፣ ከሕዝቡ ፊት የኖራ ባልዲ ከእግራቸው ሥር አስቀምጠው። «በገነት ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቀልክ፤ ዝም አልኩ።»

«ማር የሌለበት ምን ገነት አለ ብዬ ነው አባቴ።»

«የመልአኩን ዓይን ኳልከው፤ እሱንም ዝም አልኩ። አሁን ንገረኝ፤ ሰይጣኑ ስንት ዓይን አለው?»

«ሁለት።»

«ግራዝማችስ?»

«የሚታየው አንድ ነው፤ ሌላው በወዲያ በኩል አለ።»

«በወዲያ በኩል! ግድግዳውን ዞረን እንፈልገው?»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ግራዝማች በከዘራቸው መሬቱን ሲመቱ ግን ሳቁ ቀጥ አለ።

«መምሬ፣ የግርማዊነታቸው መልክ በሳንቲሙ ላይ በጎን አይደለም እንዴ? እሳቸውንም ከኃጥአን ሊቆጥሩ ነው?»

መምሬ እንድርያስ ግራ ቀኙን አዩ። «ሳንቲሙ ከሙዳየ ምጽዋት ገብቶ ዝም ይላል ግራዝማች፤ ግድግዳ ግን ይናገራል። እኔ ባንድ ዓይን ሥር ቅዳሴ አልቆምም፤ በኖራ አጠፋዋለሁ።»

«ፊቴን ኖራ ከነካው ይህን ሠዓሊ አሳስረዋለሁ!»

«እኔን?» አለ ባምላኩ። «ኖራው የመምሬ!»

«ቄስ አይታሰር፤ ታዲያ ማንን ልሰር?»

ይኼኔ ከበሩ ውጭ የኸይሩ ድምፅ ተሰማ። «ኧረ ባምላኩ! ሰማያዊው ገና አልደረቀም፤ እንዳይነኩት በላቸው!»

«አንተን ደግሞ ምን አገባህ ኸይሩ?» አሉ መምሬ።

«ጸሎቱ የእናንተ ነው መምሬ፤ ቀለሙ ግን ከኔ ሱቅ ነው!»

ባምላኩ ግድግዳዋን አየ። ክረምቱን ሙሉ የደከመባት ዛፍ፣ ቀፎዎቹ፣ የመልአኩ ቀሚስ እጥፋት፤ አንድ ባልዲ ኖራ ሁሉንም ሊውጥ ነው። ደግሞም ሥራው በኖራ የተሸፈነ ሠዓሊን ማንም ሁለተኛ ግድግዳ እንደማይሰጠው ያውቃል። እንባው መጣ።

ያን ጊዜ የግራዝማች ባለቤት ወይዘሮ በየነች ሕዝቡን በጃንጥላቸው እየከፈሉ ቀረቡ። ሥዕሉን አዩ፤ ባላቸውን አዩ፤ እንደገና ሥዕሉን አዩ።

«አንተ ልጅ፣ ሁለተኛውን ዓይን ለምን አትጨምርለትም?»

«የት ላድርገው እሜቴ? በጎን እኮ ነው የተሣሉት፤ ቦታ የለም።»

«ያ ሁሉ ጉንጭ እያለ ቦታ የለም ትለኛለህ?»

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የትኛውን ዓይን ነው የሚጨምረው? የተከደነውን ከሆነ...»

«ደኅናውን ይድገመው። በደኅናውም በተከደነውም ስታፈጥብኝ ሠላሳ ዓመት የኖርኩ እኔ ነኝ፤ ሁለት መሆናቸውን እኔ እመሰክራለሁ።»

ባምላኩ ብሩሹን አነሳ። ከደኅናው ዓይን አጠገብ፣ ወደ ጆሮው ጠጋ አድርጎ፣ ያንኑ የመሰለ ሌላ ዓይን ሣለ። ከሰይጣኑ ሁለት ዓይኖች ደግሞ አንዱን በኸይሩ ሰማያዊ ቀለም ሸፈነው፤ በቡጢ እንደበለዘ ዓይንም ሆነ።

መምሬ በጣታቸው ቆጠሩ። «ግራዝማች፣ አንድ፣ ሁለት። ሰይጣኑ፣ አንድ። ይህ ሰማያዊ ምንድን ነው?»

«መልአኩ መትቶት ነው አባቴ።»

«ይገባዋል» አሉና ባልዲውን ይዘው ሄዱ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

ባምላኩ ብቻ ሥራዬ ተበላሸ ብሎ አዘነ። ነገር ግን ራቅ ብሎ ሲያየው ተደነቀ፤ ግራዝማች ባንዱ ዓይን እየጸለዩ በሌላው ማን እንደማይጸልይ የሚቆጣጠሩ ይመስሉ ነበር። ይህን ያህል እሳቸውን የሚመስል ሥዕል ሠርቶ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ከቴፒ እስከ ጌጫ ያሠራው ሁሉ «እንደ ግራዝማች አድርገህ» ይለው ጀመር።

ዘመን ተለወጠ፤ ማዕረጉም መሬቱም ቀረ። የባላባት ምስል ሊያጠፉ የመጡ ሰዎች «ይህ ዓባይነህ ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ባምላኩ «ዓባይነህ አንድ ዓይኑ የተከደነ መሆኑን አገር ያውቃል፤ እስቲ ቁጠሩ» አላቸው። ቆጠሩና ሄዱ።

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት አንድ ተመራማሪ ካሜራ ይዞ መጣ፤ ባምላኩ ሸምግሎ ነበር።

«አባባ፣ በአውሮፓ እንዲህ የሚሥሉ ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። እርስዎ ከማን ተማሩት?»

«ከወይዘሮ በየነች።»

«እሳቸው ሠዓሊ ነበሩ?»

«የለም። ሚስት ነበሩ።»

በኋላ የታተመው መጽሐፍ ባምላኩን የባሕር ማዶ ጥበብ እንደነካው ጻፈ፤ ሐሰት ነው አይባልም፤ ከሮማም ከህንድም ነክቶታልና። የኸይሩ ሱቅና የእናቱ ዛፍ ግን መጽሐፉ ውስጥ አልገቡም፤ የበየነችም ስም አልገባም። ታሪክ ዓይኑን አስታውሶ ቦታ የፈለገችለትን ሴት ረሳ። በየዓመቱ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን ግን ከሸኮ የሚመጡ አሮጊቶች ከሥዕሉ ፊት ሲደርሱ ይሳለሙና፣ ፈገግታቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ፤ ዓይኑን ማን እንዳሠራው እነሱ ያውቃሉ።