ስድስተኛው ሥዕል

ሠዓሊው ትእዛዝ ደብረ ታቦር ውስጥ ከተከራያት ፎቅ ደረጃ ሥር አንገቱ ተሰብሮ የተገኘው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ያየው ሁሉ አዳልጦት ነው አለ። ኢንስፔክተር አሰለፈች ግን ጎንበስ ብላ እጁን አየች። ሁለት ጣቶቹ ላይ ያልደረቀ አረንጓዴ ቀለም ነበረ።

ወደ ሥራ ክፍሉ ወጣች። ግድግዳው ላይ መኪና በእግረኛ መንገድ ላይ እንዳይቆም ለሚቀሰቅሰው ዘመቻ የተሣሉ አምስት ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ መንገዱን የዘጉ መኪኖች፣ ወደ አስፋልቱ የወረዱ ተማሪዎችና ነፍሰ ጡሮች። በአምስቱም ውስጥ ራቅ ብላ፣ ቢጫ ቆብ ያጠለቀች መነኩሴ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። አሰለፈችን ውርር አደረጋት። ቢጫ ቆብ ያጠልቁ የነበሩትን ዓይነ ስውሯን እማሆይ የሺን አምና የእግረኛ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ገጭቶ ገድሏቸዋል። ሾፌሩ አልተገኘም፤ መዝገቡን የዘጋችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ የምርኩዛቸው ኳኳታ በየመንገዱ ይከተላታል።

አምስቱም ሥዕሎች ላይ አረንጓዴ ቀለም የለም። ስድስተኛው ሚስማር ደግሞ ባዶ ነው።

ወደዚህ ክፍል የሚመላለሱት ሦስት ሰዎች ነበሩ። የሥዕሎቹን ጽሑፍ የምታዘጋጀው ፍቅርተ፣ ስድስተኛውን ትናንት በእርሳስ እንደተነደፈ ማየቷን ነገረቻት፤ መነኩሴዋ ፊቷን ያዞረችው በእሱ ላይ ብቻ ነው አለች። አታሚው አለሙ ከሟቹ ጋር መጨቃጨቁን አልደበቀም፤ ዛሬ ጠዋት ቀለም ያልነካው ሥዕል አላትምም ብሎ መልሶታል። ከእነሱ ውጭ አንድ ቀለም ሻጭም ትእዛዝ አረንጓዴውን የገዛው ስድስት ሰዓት ላይ መሆኑን መሰከረ። ሦስተኛው፣ የዘመቻው ሰብሳቢ ጡረተኛው መምህር ምናለ፣ ሥዕሉን ትናንት ከፍቅርተ ጋር እንዳዩትና ዛሬ ከቤት እንዳልወጡ ተናገሩ።

«ልጁ ነገር ይወድ ነበር» አሉ። «አረንጓዴ መኪና ሥሎ የከተማውን ሰው ሊያጣላ።»

አሰለፈች ቃላቸውን ጻፈች። ስትወጣ ግቢው ውስጥ የቆመችውን ነጭ መኪናቸውን ጠጋ ብላ አየቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጣቱ ላይ ያለው ቀለም አልደረቀም ነበር» አለች። «ስለዚህ ትእዛዝ የሞተው እየቀባ ሳለ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ሥዕሉ በእርሳስ ብቻ ነበር። መኪናው አረንጓዴ መሆኑን የሚያውቀው ከዚያ በኋላ እዚህ የገባ ሰው ነው። መምህር፣ አረንጓዴ ነው ያሉኝ አንቱ ነዎት።»

ምናለ ወደ ባዶው ሚስማር ቀና አሉ።

«መኪናዎ ዛሬ ነጭ ነው። የበሩን ጠርዝ ጎማ ገለጥ ሳደርገው ግን ሥሩ አረንጓዴ ነው። ቀቢውን አግኝቼዋለሁ፤ ቀለሙን ያስቀየሩት እማሆይ የሺ በሞቱ ሳምንት ነው።»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ዘመቻውን የጀመርኩት ለእሳቸው ብዬ ነው» አሉ። «ሌላው ሰው እንደኔ እንዳያደርግ። ትእዛዝ ያን ቀን በዚህ መስኮት አይቶኝ ኖሯል። ራስዎ ይናገሩ ብሎ ሥዕሉን አሳየኝ። ነጥቄው ስወርድ ደረጃው ላይ ያዘኝ፤ ገፋሁት።»

«ሥዕሉስ?»

«አልጋዬ ሥር ነው። ላቃጥለው ክብሪት ጭሬ ነበር። ፊታቸውን ሳይ እጄ አልታዘዘኝም።»

ከሰዓት በኋላ አሰለፈች ጣራ ገዳም ወጥታ ለእማሆይ የሺ እህት ሁሉንም ነገረቻቸው። መዝገቡን ቸኩላ የዘጋችው እሷ መሆኗንም አልሸሸገችም። አሮጊቷ ልቅሶ ለመድረስ ነጠላቸውን አነሡና የሠዓሊው እናት በሕይወት አሉ ወይ ብለው ጠየቋት።