የፈረንጅ ጌሾ በወይንሀረግ ቤት

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሙለታ በወይንሀረግ ጠላ ቤት ወለል ላይ፣ በፈሰሰ ጠላና በገዛ ትፋቱ መካከል በጀርባው ተዘርሯል። ወገቡ ወደ ላይ ተለጥጦ፣ ጥርሱ ግጥም ብሎ፣ ዓይኑ እንደፈጠጠ ቀርቷል። ዝንብ ወሮታል። ይህን ጉድ ለማየት ደግሞ ግማሹ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሰው በር ላይ ይጋፋል፤ አንዷማ ጡት የሚጠባ ልጇን ታቅፋ መጥታለች። ሬሳ ማየት ሠርግ ነው እንዴ? ኤጭ!

ሻምበል ኦልጅራ ከፖሊስ ምርመራ ክፍል ተጠርቶ ሲደርስ መሀረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ ነበር። ሬሳስ ለምዷል፤ ያቅለሸለሸው የሰዉ ወሬ ነው። እስከ ትናንት ከወይንሀረግ ጣሳ ሲገለብጡ የከረሙት ሁሉ አሁን «ድሮም ዓይኗ አያምረኝም ነበር» ይላሉ። ወለተሰንበት የምትባል የግድግዳ ጎረቤቷ ማንም ሳይጠይቃት ቀረበችና፣ ወይንሀረግ ገንቦ ውስጥ የሆነ ደረቅ ነገር ፈርፍራ ስትጨምር በቀዳዳ እንዳየች በማርያም ስም ማለች።

ሻምበሉ የሟቹን ወገብ ነበር የሚያየው። በዚያው ሰሞን ቀበሌው የመንደሩን ውሾች ለማጥፋት የመርዝ ዱቄት አስበትኖ፣ ውሾቹ በየመንገዱ ልክ እንዲህ ተለጥጠው ሞተዋል። ከዱቄቱ የተረፈው «ለአይጥ» እየተባለ በየቤቱ ስለገባ ግን ማን አለው፣ ማን የለውም ማለት አይቻልም። ወይንሀረግም ነበራት።

ጊዜው 1970 ዓ.ም. ነው። አብዮት ጠባቂዎች ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ወይንሀረግን ወስደዋታል። ምክትል ሊቀመንበሩ ጓድ ዱጉማ «ፀረ አብዮት ሴት መሪያችንን በመርዝ ገደለች» ብሎ ከቀበሌው በላይ ላለው ለከፍተኛው አስታውቆ፣ በነጋታው ጠዋት በሕዝብ ፊት እንድትረሸን አስወስኗል። ሻምበሉ በስንት ልመና ያገኘው ጊዜ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው።

ወይንሀረግን ያገኛት ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ውስጥ እግሯ አብጦ ጫማ አይገባላትም። ጠባቂው ሥራው እንደተጓተተበት ሰው «ገና አላመነችም» አለ። ሻምበሉ እሱን አስወጥቶ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ነገሩን ከሥሩ ነገረችው። ጓሮዋ ያለውን ክፍል የተከራየው ኢዶሳ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ለሥልጠና ከሄደበት ከቼኮዝሎቫኪያ ሲመለስ ሦስት ፓኮ ቅጠል ይዞ መጣ፤ ሆፕ ይለዋል፣ የፈረንጅ ጌሾ ነው። ሁለቱ ተቀምጠው እየከፈቱ አሸተቱ። አንደኛው የረጠበ የሣር ድርቆሽ ይሸታል፣ ሁለተኛው ሳሙና። ሦስተኛውን ኢዶሳ ራሱ አያውቀውም፣ ጓደኛው ነው የሰጠው፤ መዳፏ ላይ ስታሸው ግን የሎሚ ልጣጭ ሸተታት። የማላውቀውን ከመረጥኩ አይቀር ደስ ያለኝን ብላ እሱን ወሰደች። ኢዶሳ «የዚህኛው ምሬት ሳይብስ አይቀርም፣ ሐሞት ነው የሚሆነው» ብሎ አስጠነቀቃት፤ ወሬውም በመንደሩ ዞረ። አሻሮውን ሳታጠቁር ነጣ ያለ ጠላ በአንድ ገንቦ ጠመቀች። እሑድ ከሰዓት እንዲቀምሱላት የጠራቻቸው ሙለታን፣ ዱጉማን፣ ኢዶሳንና ጌሾ ነጋዴውን ሁመድን ነው። ሁመድ እስላም ስለሆነ አይጠጣም፤ እሷ የፈለገችው አፍንጫውን ነበር።

«እንደ ደንቡ ፊታቸው በመዳፌ ቀድቼ ቀምሻለሁ» አለች። «ገንቦው ውስጥ መርዝ ቢኖር እኔ ቀድሜ አልሞትም ነበር ጌታዬ?»

«ሙለታ በምን ጠጣ?»

«በራሱ ቀንድ ዋንጫ። እኔ ቤት ነው የሚያስቀምጠው። ሌላው በጣሳ ነው የጠጣው።»

«ከመደርደሪያው ማን አወረደው?»

«አላየሁም። ስቀዳ ፊቱ ተቀምጧል። አንድ ጉንጭ እንደጠጣ ‹ሬት ነው› አለ። ጓድ ዱጉማ ‹ፈረንጅ እንዲህ ነው የሚጠጣው፤ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጡት› አለው። ጨለጠው።»

ሻምበሉ ከዚያ ወደ ኢዶሳ ሄደ። ኢዶሳ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው ያናገረው። ቅጠሉን ያለ ፈቃድ ነው ያስገባው፤ «የሰላይ መርዝ» እንዳይባልበት ፈርቷል። አንድ ጣሳ ጠጣሁ ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልጨመረም። ያልተናገረው ነገር እንዳለ ሻምበሉ ቢያውቅም ለጊዜው ተወው።

ሁመድ ግን ተቆጥቶ ጠበቀው። መንደሩ ሁሉ የፈረንጅ ቅጠል ገበያህን ሊዘጋው ነው ይለው ስለነበር፣ ከቅምሻው መሀል ተነሥቶ መሄዱ ጣት አስቀስሮበታል።

«ለምን ተነሣህ?» አለው ሻምበሉ።

«ጠላ እግሬ ላይ ደፉብኛ! ከመደቡ ሥር ተንቆርቁሮ ካልሲዬን አራሰው። የዐስር ሶላት ደርሷል፤ በዚያ እግር ልሰግድ ኖሯል? ልታጠብ ሄድኩ።»

«ማን ነበር አጠገብህ?»

«ጓድ ዱጉማ። ይቅርታ እንኳን አላለኝም።»

ዱጉማ የተገኘው ሙለታ ቤት ለቅሶ ላይ ነው። ደረቱን እየደቃ ከሟች ሚስት ከማናለብሽ በላይ ይጮሃል። ሻምበሉን ሲያይ እንባው እንደ ቧንቧ ተዘጋ። እሱም እስከ አተላው መጠጣቱን፣ ሐሞት ሐሞት ማለቱ እስካሁን ከጉሮሮው አለመውረዱን ተናገረ። ገዳዩ ያ መራራ ቅጠል ነው፣ እኔን ያተረፈኝ ጠንካራ ሰውነቴ ነው አለ። ሰውዬው ሲያወራ ምራቁ ይረጫል፤ ሻምበሉ ሁለት ጊዜ ፊቱን ጠረገ።

ሲወጣ ማናለብሽ ደጅ ድረስ ተከተለችውና ከነጠላዋ ሥር ቀንድ ዋንጫውን አውጥታ አሳየችው። ተፈትጎ ታጥቧል። «ማስታወሻ ይሁንሽ ብሎ ዱጉማ ነው ያመጣልኝ» አለች። «የበላበትን ሳህን የማያነሣ ሰው፣ የባሌን ዋንጫ አጥቦ!»

በነጋታው ጠዋት ሻምበሉ ሁሉንም ጠላ ቤቱ ሰበሰበ። ዱጉማና ጠባቂዎቹ፣ ኢዶሳ፣ ሁመድ፣ ማናለብሽ፣ ወለተሰንበትና ጎረቤቱ ሁሉ መደቡን ሞሉት። ወይንሀረግ በሁለት ሰው ተደግፋ ገባች። ሻምበሉ ያሳሸገው የእሑዱ ገንቦ ከጥጉ ወጣ። ወይንሀረግ ቀድታ አንድ ጣሳ ጠጣች፤ ሻምበሉም ጠላ ሳይወድ ጠጣ። ሁለቱም ምንም አለመሆናቸው ከታየ በኋላ ለሁሉም ተቀዳ።

«ጓድ ዱጉማ ቀድመው ይቅመሱ» አለ ሻምበሉ። «የእሑዱ ራሱ ነው?»

ሰው ሁሉ እያየው እንቢ ማለት አልቻለም። ተጎነጨ። ዙሪያውን የሰዉን ፊት አየ፤ ከዚያ ፊቱን አጨማደደና «ራሱ ነው። ሬት!» አለ።

«ሌሎቻችሁስ?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ወለተሰንበት ደግማ ጠጣችና «ኧረ አይመርም። ሎሚ ሎሚ ይላል እንጂ» አለች። ጠባቂዎቹም ሳይቀሩ አይመርም አሉ። ሻምበሉ ወደ ኢዶሳ ዞረ።

«አንተ አዋቂው፣ ለምን አልመረረም?»

ኢዶሳ መሬት መሬት እያየ፣ ሆፕ ምሬቱን የሚሰጠው ሲቀቀል መሆኑን ተናገረ፤ ካልተቀቀለ ሽታ ብቻ ነው።

«አልቀቀልኩትም» አለች ወይንሀረግ። «ቀቅይው ብሎኝ ነበር፤ እሺ ብዬ ሸኘሁት። ጌሾ ተቀቅሎ ያውቃል? እንደ ጌሾዬ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፈዘፍኩት።»

«እሑድ ስቀምሰው አውቄያለሁ» አለ ኢዶሳ ድምፁ ሞቶ። «ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

«ለቅጠልህ ፈርተህ ሴትዮዋን ልታስረሽናት!» አለው ሻምበሉ፤ ከዚያ በኋላ ፊቱን አላየውም።

ከዚያ ነገሩን አንድ በአንድ ዘረዘረው። ገንቦው አይመርም፤ የመረረው የሙለታ ዋንጫ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መራራው ነገር ዋንጫው ውስጥ ቀድሞ የነበረ የውሻ መርዝ ዱቄት ነው። ቀንዱ ጥቁር ስለሆነ አይታይም። ጠላው ሐሞት እንደሚሆን መንደሩ ሁሉ ሰምቷል፣ ገዳዩም ሰምቷል፤ የመርዙን ምሬት በቅጠሉ ሊያሳብብ አቀደ። ወይንሀረግ ቅጠሉን አለመቀቀሏን ግን አላወቀም፤ ቢቀምስ ያውቅ ነበር። ዱቄቱን በነካ እጁ የያዘውን ጣሳ ፈርቶ አልቀመሰም፤ የራሱን ጣሳ ሁመድ እግር ላይ ደፋው። ከዚያ ያልጠጣውን ጠላ «መረረኝ» ብሎ መሰከረ፣ ዋንጫውንም አጠበ።

«አድሮ ለዝቦ ነው!» አለ ዱጉማ።

«አሁን ቀምሰው ሬት ብለዋል እኮ።»

ዱጉማ ጠባቂዎቹን አያቸው፤ አንዳቸውም አላዩትም። ያኔ ዓይን አውጥቶ ተናገረው፤ «ያ ደንቆሮ ስሙን መጻፍ አይችልም፣ ወንበሩ ለእኔ ነበር የሚገባው። ደግሞስ አንዲት ጠላ ሻጭ ብትሞት አገር ምን ይጎድልበታል?»

ማናለብሽ ተነሥታ ፊቱ ላይ ተፋችበት። ወይንሀረግን የገረፉት ጠባቂዎች እሱንም በዚያው ትጋት የፊጥኝ አሰሩት፤ ለእነሱ ማንም ይሁን ማን ለውጥ የለውም። ሻምበሉ ጣሳውን አስቀምጦ አፉን በመሀረቡ ጠረገና እስረኛውን አስነድቶ ወጣ።

ወዲያው እልልታው ቀለጠ። ወለተሰንበት ከሁሉ ቀድማ የወይንሀረግን ጉልበት አቀፈችና «እንኳን ማርያም አወጣችሽ እህቴ! ልቤ እኮ ያውቀው ነበር» አለች። ሌላው ለልደታ ማኅበር የሚሆን ጠላ እንድትጠምቅለት እዚያው ለመነ። ወይንሀረግ ግድግዳውን ይዛ በዚያ እግሯ ቆመች። እያንዳንዳቸውን ተራ በተራ አየቻቸው።

«ውጡልኝ ከቤቴ» አለች።

አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ ነገር ግን ጣሳውን ሳይጨልጥ የወጣ አንድም ሰው አልነበረም።