አራጋፊው ገንዳ

ዝዋይ ሐይቅ ደርቆ አቧራው በነፋስ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ባቱ ከተማ ውስጥ መኪና በብሩሽ የሚያጥብ የለም። የመኪኖቹ ቆዳ ፀሐይ ጠጥቶ ጉልበት የሚሰጥ ነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከጫረችው እዚያ ቦታ ላይ ይታወራል፣ አንዴ ከታወረም አይድንም። ስለዚህ እልፍነሽና ታናሽ ወንድሟ ደርቤ በላቫጆው የሚያጥቡት እንደ ጥንቱ በእጅ ነበር፣ ለስላሳ የሱፍ ጓንት አጥልቀው። አንድ ጊዜ ጠረግ ያደርጉና ጓንቱን አራጋፊው ውስጥ ይነክሩታል። አራጋፊ የሚሉት እስከ ደረት የሚደርስ የውኃ ገንዳ ነው፤ ለጆሮ በማይሰማ ድምፅ ውኃውን እያንቀጠቀጠ ሱፉ ውስጥ የተሸጎጠውን ደቃቅ አሸዋ ሁሉ ያራግፍና ከወንፊቱ ሥር ያስቀረዋል። የሰው ገላ ሲገባበት ግን ወዲያው ቀጥ ይላል።

ለመኪና ቆዳ ይህ ሁሉ ሲደረግ፣ ለአጣቢዎቹ ሳንባ የደረሳቸው የጨርቅ ጭምብል ነው። ደርቤ የሚያስለው ጎኑን በእጁ ደግፎ ሆኗል። ሐኪሙ ከመጪው ክረምት እንደማያልፍ ለእልፍነሽ ለብቻዋ ነግሯታል። እሷም ለወንድሟ አልነገረችውም፣ እሱም አልጠየቃትም።

አንድ ቀን አቧራው ከተማውን አጨልሞት መኪና የሚባል ዝር ሳይል ረፈደ። ደርቤ ወንፊቱ ላይ የተሰነቀረ ጓንት ሊያወጣ እጁን እስከ ትከሻው ሰደደ። ገላን የሚለየው ሴንሰር ተበላሽቶ ኖሮ ገንዳው አልቆመም። መንቀጥቀጡ ደረቱ ድረስ ዘለቀና ደርቤን ሳል አጣደፈው፤ ጥቁር ጭቃ ተፋ።

"እልፌ!" አለ ዓይኑን አፍጥጦ። "አየሩ ገባልኝ! እስከ ታች ድረስ ገባልኝ!"

"ልብስህን አውልቅ።"

"አብደሻል እንዴ?"

"አውልቅ ነው የምልህ!"

እስከ አንገቱ ገባ። እሷ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ደግፋ "አይዞህ፣ ትፋው፣ አይዞህ" ስትለው፣ የዓመታት አቧራ እየተላቀቀ በአፉ ወጣ። ሲጨርስ ግድግዳ ሳይዝ ግቢውን ዞረ። ግራ ጎኑ ገና ያፏጫል፤ ቢሆንም ሳቀ። እልፍነሽ ወንድሟ ሲስቅ መስማት እንዴት እንደናፈቃት ያወቀችው ያኔ ነው።

ገንዳው ግን ብልሽቱን ራሱ ለአምራቹ ድርጅት አሳብቆ ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ኢንጂነር ላቀው የሚባሉ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው አዲስ ሴንሰር ይዘው መጡ። እልፍነሽ ምንም አልደበቀቻቸውም።

"ዜና ነው እኮ ጋሼ! በዚህ ከተማ ስንቱ ነው እያሳለ የሚያልቀው! ለሰው ሁሉ እንንገር!"

ላቀው የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። "ዜናስ አይደለም" አሉ። "ይሄን ዕቃ መጀመሪያ የሠራሁት ለሳንባ ነበር።"

"እርስዎ ነዎት የሠሩት?"

"እኔ ነኝ። ይዤው ያልዞርኩበት ቢሮ የለም። ሁሉም አደነቀልኝ፣ የገዛኝ ግን አልነበረም። በኋላ የመኪና ሰዎች መጡ። ሰው ተጎድቶ እንዳንከሰስ ገላ ሲነካው ይቁም አሉኝ። እሺ አልኩ።"

"ታዲያ ዛሬ ይተዉልን። የአቧራው ግማሽ ገና ደርቤ ደረት ውስጥ ነው ያለው።"

"እኔ ብተወው ማታ ከዋናው ቢሮ ያጠፉታል።" ውኃውን አዩ። "እስከዚያ ለአንድ ሰው ብቻ ይደርሳል።"

ደርቤ የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ጀምሮ ነበር። ላቀውም ተነሥተው ጃኬታቸውን አወለቁ፣ አጥፈውም ባልዲው ላይ አስቀመጡት።

"እኔም አስላለሁ" አሉ ማንንም ሳያዩ።

የደርቤ ጣቶች ሸሚዙ ላይ እንዳሉ ቀሩ። ሰውዬው ገቡ። ሳሉ ሲይዛቸው አንገታቸው ወደ ውኃው ሲዘም እልፍነሽ ሮጣ ደገፈቻቸው። እጇን ብትለቅ ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ አለቀቀችም።

"አይዞዎት፣ ይትፉት፣ አይዞዎት።"

አመሻሽ ላይ ሲወጡ አየሩን እስከ ታች ሳቡና እንደ ልጅ አለቀሱ። "እግዜር ይስጥልኝ" አሏት። ከዚያ ልብሳቸውን ለብሰው አዲሱን ሴንሰር ገጠሙት። እልፍነሽ በማግስቱ በመዶሻ ልትሰብረው ብትሞክር አልበገር አላት።

ደርቤ ክረምቱን አልጨረሰም። እልፍነሽ ሰውዬውን በመደገፏ ራሷን አትወቅስም፤ ማንም ቢሆን ይደግፋቸው ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ሌላ ነው፤ ያን ቀን "አይዞዎት" ስትላቸው ከልቧ ነበር።