የተላጠው መፋቂያ

አቶ ተክለአብ የሞቱት ለቸርች ለብሰው ነው። ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ውስጥ ከመንግሥት በተከራዩት የካውንስል ፍላታቸው፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ፣ ከረባታቸውን እንዳሰሩ ተገኙ። አንዱ እግራቸው ጫማ አድርጓል፤ ሌላው በካልሲ ነው። ልባቸው ድሮም ያሰጋቸው ስለነበር አምቡላንስ ይዘው የመጡት ሰዎች «ልብ ነው» አሉ። ነገር ግን ከመሞታቸው በፊት ክፉኛ አስመልሷቸው ስለነበር ፖሊስ ተጠራ።

መርማሪ ሳጅን ራኬብ ከበሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ቀስ ብላ አየችው። ከዚያ ተንበረከከችና ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር አነሣች። የጣት ርዝመት ያለው፣ ውስጡ ገና ያልደረቀ ነጭ እንጨት ነው፤ አንዱ ጫፉ ታኝኮ ብሩሽ መስሏል።

«ምንድን ነው? የአበባ መደገፊያ?» አለ የሥራ ባልደረባዋ ኮሊን።

«የጥርስ ብሩሽ።»

«ብሩሻቸውማ መታጠቢያ ቤት አለ።»

«እሱ የእንግሊዝ አገሩ ነው። ይሄ የራሳቸው ነው። መፋቂያ ይባላል» አለችና ላስቲክ ውስጥ ከተተችው።

ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ብርጭቆ ሙሉ ሌሎች መፋቂያዎች ነበሩ። እነሱ ግን ቡናማ ናቸው፤ ከጫፋቸው በቀር ቅርፊታቸው አልተነሣም፤ ደርቀዋል። አባቷን ለቸርች ልትወስድ መጥታ ሞተው ያገኘቻቸው ልጃቸው ዕፀገነት ዓይኗ እንዳበጠ ነገረቻት። «አባዬ ከጉዞው ያመጣቸው ናቸው። እዚያ ባሕሩ ዳርቻ ወይራ ሲያይ እንደ ልጅ ነበር የሚሆነው። እየቆረጠ ኪሱን ሞላው።»

ጉዞው የአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ ጉዞ ነው። የአቶ ተክለአብ የወንድም ልጅ ኪዲ፣ ለንደን ተወልዳ ያደገች ወጣት፣ ያለ አስጎብኚ ድርጅት በርካሽ አውቶቡስና በመርከብ ከጣሊያኗ ትሪየስቴ ተነሥታ በክሮኤሺያና በሞንቴኔግሮ በኩል እስከ አልባኒያዋ ዱረስ ለመውረድ አሰበች። የቸርቹ ሰዎች «ሴት ልጅ ብቻዋን!» አሉ። አጎቷ ግን ሻንጣቸውን አዘጋጅተው መጡ። ዕፀገነትም ተከተለቻቸው። አራተኛው ተጓዥ ማኑሄ ነበር። ማኑሄ ቶተንሃም ውስጥ ቢሮ ከፍቶ የቸርቹን ጉዞዎች ለዓመታት ያዘጋጀ ሰው ነው። ለምን አብሯቸው እንደሄደ ማንም አልገባውም ነበር።

የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ሁሉም ሰው ጣቱን ወደ ኪዲ ቀሰረ። አቶ ተክለአብን የገደላቸው ኦሊያንደር የሚባል፣ ሮዝ አበባ ያለው ቁጥቋጦ መርዝ ነው። ቁጥቋጦው በአድሪያቲክ ዳርቻ መንገዶች ግራና ቀኝ ሞልቷል። ሟቹ ጠዋት የጠጡት ሻይ ደግሞ ኪዲ ከስፕሊት ያመጣችው የተራራ ቅጠል ነበር። በፓኬቱ ውስጥ የተረፈው ሲመረመር ንጹሕ ቢሆንም ሻይ የጠጡበትን ኩባያ ዕፀገነት ከድንጋጤዋ የተነሣ አጥባዋለች። አጎትና የወንድም ልጅ ደግሞ ከጉዞው ማብቂያ ጀምሮ ተኳርፈው እንደነበር ቸርቹ ሁሉ ያውቃል።

«መርዙን ከፓኬቱ አፍ ላይ ብቻ አድርጋው ይሆናል» አለ የራኬብ አለቃ። «ክሱን አዘጋጂና ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

«ምን አልሽ?»

«መፋቂያው ሳይመረመር አልፈርምም አልኩ። ከፈለጉ ሌላ ሰው ያስፈርሙ፤ እኔ ግን ለምን እንዳልፈረምኩ ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።»

አለቃዋ በረጅሙ ተነፈሰ። «እስከ ዓርብ» አለ።

ራኬብ መጀመሪያ ወደ ዕፀገነት ሄደች። ዕፀገነት ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ የአባቷን የልብ መድኃኒት የምታመጣውም እሷ ነበረች።

«መድኃኒት የማውቅ ስለሆነ እኔንም ጠርጥሪኝ» አለች ቀድማ።

«ጠርጥሬሻለሁ። ሻዩን አባትሽ ከኪዲ እንደሆነ እያወቁ ጠጡት?»

«ኧረ! ቢያውቅ መስኮት ነበር የሚወረውረው። አባዬ ካኮረፈ አኮረፈ ነው። ገዝቼ ያመጣሁት ነው አልኩት።»

«ቅዳሜ ምን ሆኑ?»

«ከቸርች የጸሎት ፕሮግራም ደስ ብሎት መጣ። 'ዛሬ አንድ ሰው እግሬ ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀኝ' አለኝ። ማን ነው ስለው 'ይቅርታ የጠየቀ ሰው ስሙ አይነሣም' ብሎ ዘጋኝ። ኪዲ ናት ብዬ ነበር። መታረቋን ሳስብ አልቅሼ ነበር እኮ! ለካስ...»

«'ለካስ'ን ተዪያት» አለች ራኬብ።

ኪዲ ዋይት ሲቲ ካለው ትልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ ጫማ ትሸጣለች። ራኬብን ከሱቁ ጀርባ፣ የካርቶን ክምር መካከል አገኘቻት።

«ልታስሪኝ ነው?»

«ገና ነው። ሻዩን ለምን ላክሽላቸው?»

«ሆዳቸውን ያማቸዋላ። ስፕሊት ላይ ክፍል ያከራየችን ሴትዮ አፍልታላቸው ወደዱት። አኩርፌያለሁ እንጂ አልጠላኋቸውም።»

«መፋቂያቸውንስ ታውቂዋለሽ?»

«ያ እንጨት?» ኪዲ ሳታስበው ሣቀች። «'አንክል፣ ዛፍ እየበሉ ነው' እላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ 'አንቺ ፕላስቲክ እየበላሽ' ይሉኛል።» ሣቁ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«በምን ተኳረፋችሁ?»

«ዱረስ ላይ የባሕሩ ግንብ ላይ ቁጭ ብለን ዳቦ በሰርዲን እየበላን ነበር። ቸርች ላይ ቆመው 'ከእንግዲህ ጉዞ የምታዘጋጅልን ኪዲ ናት' ሊሉ እንደሆነ ነገሩኝ። አልፈልግም አልኳቸው። ሁለተኛ ማኑሄ መሆን አልፈልግም። ሰው ቲኬቱን ራሱ ቡክ ያድርግ፣ ራሱ ይሳሳት፣ ራሱ ይድረስ። 'እምቢ አልሽኝ?' አሉ። 'አዎ፣ እምቢ' አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም።»

«ታዲያ ቅዳሜ ይቅርታ ጠየቅሻቸው?»

«ኖ። ቅዳሜ ሱቁ እስኪዘጋ እዚሁ ነበርኩ። ደግሞ ምን አጥፍቼ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?»

«ታርቀናል ብትዪ ሰው ያዝንልሽ ነበር።»

«ውሸት ነዋ!» አለች ኪዲ አገጯን ቀና አድርጋ። «ሰው እንዲያዝንልኝ ብዬ አልዋሽም። ስፈታ ደግሞ እንደገና እሄዳለሁ። ብቻዬን። ንገሪያቸው።»

«ገና ሳትታሰሪ ተፈታሽ?» አለችና ራኬብ ደብተሯን ዘጋች።

የማኑሄ ቢሮ ግድግዳ በሰው ፎቶ ተሸፍኗል። በሁሉም ፎቶ ላይ ከፊት ባንዲራ ይዞ የቆመው ማኑሄ ነው።

«እህቴ፣ ቁጭ በይ። በእሷ እብደት ምክንያት ስንት ሰው ተጎዳ» አለ።

«እርስዎ ታዲያ ለምን አብረው ሄዱ?»

«ልጅቷ ሰው ስትጨርስ ምስክር ልሁን ብዬ! አውቶቡስ ጣቢያ 'ክፍል አለ' የሚል ካርቶን ይዘው ከቆሙ አሮጊቶች ጋር አሳደረችን። ሽማግሌ ሰው ወንበር ላይ አስተኝታ በመርከብ አሻገረች።»

«አቶ ተክለአብ ተማረሩ?»

«እሳቸው እንኳ... ሲስቁ ነበር።»

«መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ከጉዞው ስንመለስ አየር ማረፊያ። ቅዳሜ ጸሎት ላይ አልነበርኩም፤ እዚሁ ሥራ ላይ ነበርኩ።»

ራኬብ ስለ ቅዳሜ አልጠየቀችውም ነበር። መስኮቱ ሥር ያለውን ወለል አየች። ምንጣፉ ላይ ትልቅ ክብ ቦታ ቀለሙ አልለቀቀም።

«እዚህ ምን ነበር?»

«አበባ። ደረቀብኝና ጣልኩት።»

«ያሳዝናል» አለች ራኬብ። ስትወጣ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያየች ነው የወጣችው።

ዓርብ ዕለት የአቶ ተክለአብ ቤት በለቅሶተኛ ተሞልቶ ነበር። በሩ ላይ የሟቹ ታላቅ እህት እትዬ አልታየሽ ቆመዋል። ኪዲ ስትደርስ እጃቸውን በሩ ላይ ዘረጉ።

«ምን ፊት ይዘሽ መጣሽ?»

«የራሴን፣ አክስቴ» አለች ኪዲ። «አጎቴ ናቸው የሞቱት። እገባለሁ።» ከእጃቸው ሥር ዝቅ ብላ ገባችና ከበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ የነበሩት ሸሹ። እሷ አልተነሣችም።

ራኬብና ኮሊን ገቡ። ራኬብ ነፍስ ይማር ብላ ከተቀመጠች በኋላ መልሳ ተነሣች።

«ይህን ለቅሶ ማቋረጥ አልወድም። ግን እዚህ ወለል ላይ የተቀመጠች ልጅ ነፍሰ ገዳይ እየተባለች ነው። ስለዚህ የማውቀውን ፊት ለፊት እናገራለሁ።

«ጋሼ ተክለአብን የገደላቸው ሻይ አይደለም። መፋቂያ ነው። መርዙ እንጨቱ ውስጥ ተገኝቷል፤ እንጨቱ ራሱ ኦሊያንደር ነው። ወይራም መራራ ስለሆነ ሲያኝኩት ምሬቱ አላስጠረጠራቸውም። ኩባያና ሳህን የሚፈልግ ፖሊስ ይህን እንጨት አይቶ የአበባ መደገፊያ ነው ብሎ ነበር።» ኮሊን አማርኛ ባይሰማም ስለ እሱ እንደተወራ ገባውና አቀረቀረ።

«እና ከዚያው አገር ይዛው መጥታ ይሆናላ!» አለ ማኑሄ ከጥግ።

«እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ግን ጋሼ ከባሕሩ ዳር የቆረጧቸው ወይራዎች ደርቀው እንጨት ሆነዋል። ገዳዩ መፋቂያ ግን እርጥብ ነበር። ከጉዞ ከተመለሳችሁ ወር ሊሞላ ነው። ስለዚህ ይህ እንጨት የተቆረጠው በአድሪያቲክ ዳርቻ አይደለም፤ እዚህ ለንደን ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ።

«ቀጥሎ ደግሞ የጋሼ መፋቂያዎች ጫፋቸው ብቻ ነው የተላጠው። ይህኛው ሙሉ በሙሉ ተልጧል። ለምን? የኦሊያንደር ቅርፊት ከወይራ ይለያል፤ ጋሼ ደግሞ ወይራ ያውቃሉ። ቅርፊቱን ያነሣው ሰው መፋቂያ የሚያውቅ፣ የጋሼንም ዓይን የሚፈራ ሰው ነው። ኪዲ ግን መፋቂያን ዛፍ መብላት ነው የምትለው።

«አሁን እትዬ አልታየሽን ልጠይቅ። ጋሼ ካኮረፉት ሰው እጅ መፋቂያ ተቀብለው አፋቸው ያስገባሉ?»

እትዬ አልታየሽ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ተክለአብ? ካኮረፈው ሰው ውሃ አይቀበልም! በስንተኛው ቀን ይሁን በስንተኛው ወር፣ ይቅርታ ካልተጠየቀ አይቀበልም።»

«እንግዲያው የሰጣቸው ሰው ታርቋቸዋል። ቅዳሜ እግራቸው ላይ የወደቀው ሰው ነው። ኪዲ ግን ይቅርታ አልጠየቀችም፤ አሁንም አልጠይቅም ትላለች። እናንተ የምትከሷት በዚህ ኩርፊያ ነው፤ ነጻ የሚያወጣትም እሱው ነው። ሌላ ማን አስቀይሟቸው ነበር? ዕፀገነት፣ ድንበሩ ላይ የሆነውን ንገሪያቸው።»

ዕፀገነት ተነሣች። «ወደ ኮቶር ስንሄድ ድንበር ላይ አባዬ ላብ አጥምቆት ነበር። 'በራሳችሁ ከሄዳችሁ ድንበር ላይ ትመለሳላችሁ፣ ያለ እኔ አይሆንም' ይባል ነበራ። ወታደሩ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም መታለትና 'መልካም ጉዞ' አለው። አባዬ አውቶቡሱ ውስጥ አለቀሰ። እናቴ ባሕር ማየት እየፈለገች የማኑሄን ጉዞ መክፈል ስላልቻልን፣ ብቻዋን ደግሞ እየፈራች፣ ሳታይ ነው የሞተችው።» ወደ ማኑሄ ዞረች። «እሑድ ቸርች ላይ ቆሞ ይህን ሊናገር ነበር። አንተ ደግሞ ከኋላው ወንበር ተቀምጠህ ሁሉንም ሰምተሃል።»

«ይሄ ሁሉ ወሬ ነው!» አለ ማኑሄ።

«አበባው ግን ወሬ አይደለም» አለች ራኬብ። «ሳልጠይቅዎት ቅዳሜ ጸሎት ላይ አልነበርኩም አሉኝ፤ የበሩ አስተናጋጅ ግን ጋሼን ይዘው ወደ ቸርቹ ጓሮ ሲወጡ አይቶዎታል። ቢሮዎ ደግሞ ደንበኞችዎ የተነሡባቸው ፎቶዎች አሉ። በብዙዎቹ ላይ መስኮቱ ሥር ያለው ሮዝ አበባ ይታያል። ደርቆ ጣልኩት አሉኝ። ዛሬ ጠዋት በፍርድ ቤት ፈቃድ ቤትዎ ጓሮ ሸራ ተሸፍኖ አገኘነው፤ አልደረቀም። አንድ ቅርንጫፉ በቅርብ ተቆርጧል፤ መፋቂያውና ጉቶው ገጥመዋል። በገዛ እጅዎ ያሳደጉትን ሊጥሉት አልቻሉም።»

ማኑሄ ለመቆም ሞከረ። ኮሊን በሩ ላይ ነበር።

«እኔ ባልኖር እነዚህ ሰዎች ከቶተንሃም አይወጡም ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ባሕር ያሳየኋቸው እኔ ነኝ! ስሜን ሊያጠፋ... በአንድ ቀን ስሜን ሊያጠፋ!»

ኮሊን ክንዱን ይዞ ሲያወጣው ሰው ሁሉ እግሩን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀለት።

ከዚያ የሁሉም ዓይን ወለሉ ላይ ወደ ተቀመጠችው ኪዲ ዞረ። ራኬብ ታለቅሳለች ብላ ጠብቃ ነበር። ኪዲ አላለቀሰችም። የሸሹትን ሰዎች በየተራ፣ ሳትቸኩል አየቻቸው፤ እነሱም በየተራ አቀረቀሩ።

እትዬ አልታየሽ ጉልበታቸውን ይዘው ከወንበራቸው ወረዱና ኪዲ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣ አለ፤ እሳቸውም የተክለአብ እህት ናቸው።

«ያ ባሕር» አሉ በመጨረሻ። «አሮጊት ይወስዳል?»

«ይወስዳል።»

«እንግዲያው ያዢልኝ። ቲኬቱን።»

«አልይዝልዎትም፣ አክስቴ።» ኪዲ ስልኳን አወጣችና ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። «ራስዎ ነዎት የሚይዙት። እዚህ ላይ ይጫኑ።»

እትዬ አልታየሽ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው ፈለጉ። ለቅሶ ቤቱ ያያቸዋል።

«የቱን?» አሉ ጣታቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው። «ቀዩን?»

«ሰማያዊውን» አለች ኪዲ። እጇን ግን አልዘረጋችም።