የከዱ ዓሣዎች

ያን ማለዳ ይርገዱ እንደ ወትሮዋ ጉማራ ወንዝ ዳር ወርዳ ብታጨበጭብ፣ ከአርባ የብረት ዓሣዎቿ አንድ እንኳ ብቅ አላለም። ወይ ጉድ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስታጨበጭብላቸው ተንጋግተው ይመጡ ነበር። ሰዉ «ናይትሮ በል» ይላቸዋል፤ ዝናብ ከሩዝ ማሳው አጥቦ ወንዙ ውስጥ የሚከተውን የማዳበሪያ ናይትሮጅን እየዋጡ ውኃ የሚያጠሩ፣ ክንድ የሚያህሉ ማሽኖች ናቸው።

የት እንደገቡ ለመገመት አልተቸገረችም። ስንቅነሽ ጋ ነዋ! ስንቅነሽ ሥልጠናውን አብራት የጨረሰች፣ የወንዙን የታችኛውን ክፍል የምትጠብቅ ባልደረባዋ ናት። መገኛቸውን የሚያሳየውን ስክሪን ብትከፍተው እውነትም አርባውም እዚያ ተኮልኩለዋል። ይርገዱን ቅናት አንገበገባት።

«ምን ብታቀምሳቸው ነው? እኔ ዝገታቸውን ስፍቅ፣ ጅራታቸውን ስጠግን ኖሬ፣ እሷ ቁጭ ብላ ትቀበል!»

ይባስ ብሎ የቆጠራ ቀን ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ዓሣዎቹ የተገኙበት ጠባቂ ለመጪው ዓመት ይረከባቸዋል፤ ባዶውን የቀረ ጣቢያ ይዘጋል። ያለ እነሱ ምን ቀራት?

«ቀማሹን» ጠየቀችው። ውኃው ውስጥ ተተክሎ የናይትሮጅኑን መጠን የሚናገር መሣሪያ ነው።

«ዜሮ» አለ ቀማሹ።

«አንተም ዛሬ ልትቀልድብኝ ነው?» መታ መታ አደረገችው።

«ዜሮ።»

አይፈረድባትም። ጉማራ ላይ ዜሮ እሷም እናቷም አይተው አያውቁም። ተበላሽቷል ብላ ተወችው።

ከዚያማ ንዴቱ አናቷ ላይ ወጣ። ማሳው ዳር ከተከመረው ማዳበሪያ አንድ ጆንያ ዩሪያ እየጎተተች አምጥታ ወንዙ ውስጥ ዘረገፈችው።

«እስቲ አሁን እሷን ምረጡ!»

ሰዓት ሳይሞላ ዓሣዎቹ ሽቅብ እየተጋፉ መጡ። ይርገዱ እልል አለች፤ አንዱን አቅፋ ሳመችው።

ብዙም ሳይቆይ ስንቅነሽ ጄሪካን ተሸክማ እያለከለከች ደረሰች።

«ልትወስጃቸው ነው? አርፍደሻል!» አለቻት ይርገዱ።

«የምን መውሰድ! እኔ ጋ ሥራው መች አለቀና? እነዚህ ደግሞ ምን ሊሠሩ ተመለሱ?» ስንቅነሽ ላቧን ጠረገች። «ይርግዬ፣ አልደብቅሽም፣ ትናንት ጣቢያዎቹን ከሚመራው ማዕከል ሲነግሩኝ ቀንቼ ምሳም አልበላሁ። ‹ይርገዱ ጋ ውኃው ጠርቷል፤ ዓሣዎቹ የሚበሉት አጥተው ነው አንቺ ጋ የወረዱት› አሉኝ። ጣቢያሽ የሚዘጋው ሥራው ስላለቀ ነው! እኔ እስካሁን ከቆሻሻ ጋር ስታገል አንቺ ጨረስሽ!»

ይርገዱ ዞራ ባዶውን የዩሪያ ጆንያ አየችው።

«አባባ ዘጠና ዓመቱ ነው፤ በሕይወቱ ጉማራን ጠጥቶ አያውቅም። ከቅናቱ ይልቅ እሱ በለጠብኝና ልቀዳለት መጣሁ» አለች ስንቅነሽ፤ ጄሪካኑን ይዛ ጎንበስ አለች።

ይርገዱ እጇን ያዘቻት።

«አትቅጂ።»

«ምነው? ለአባቴ ውኃ ልትነፍጊ? ቀናሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ቀናሁ» አለች ይርገዱ። «ዛሬ ማሳው አይደለም፤ ዝናቡም አይደለም። ጉማራን የበከልኩት እኔ ነኝ።»