ድልድዩ ላይ ያልቆመችው መኪና

ልብስ ሰፊዋና ኤሌክትሪሻኑ የተዋወቁት የስፌት መኪናዋ ገመድ ተቃጥሎ ሊጠግን የመጣ ዕለት ነው። ገመዱን ወዲያው ጠገነው፤ ከዚያ ግን ሌላ የተበላሸ ነገር እየፈለገ እስኪመሽ ተቀመጠ። ጉድ እኮ ነው፣ ደህናውን ማብሪያ ሳይቀር ፈትቶ ገጠመው።

ብዙም ሳይቆይ ያ ተላላፊ በሽታ ገባና ሰው ሁሉ ቤቱ ተከተተ። እሱ ሳንባው የደከመ አባቱን ያስታምማል፤ እሷ ከእናቷ ጋር ናት። የቀራቸው የስልክ ጨዋታ ብቻ ሆነ፤ የመኪና እሽቅድምድም። ከሰዓት በኋላ ይገናኙና እየነዱ ያወራሉ። እሽቅድምድም ይሉታል እንጂ የሚሽቀዳደምስ አልነበረም። የቀደመው ከመጨረሻው መስመር በፊት ያለው ድልድይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከዚያ ጎን ለጎን ይሻገራሉ።

«ሂድ እንጂ፣ ታሸንፋለህ!» ትለዋለች።

«ብቻዬን ደርሼ ምን ልሠራ?»

ይቺን ስትሰማ ልቧ ትርክክ ይላል።

ከዚያ በሽታው እሷን ያዛት። ሳሉ ቃል አላስወጣ አላት። የፈራችው ግን ለራሷ አልነበረም።

«እማዬ፣ እንዳይሰማ! ከሰማ በሩን ሰብሮ ይመጣል። በሽታውን ለአባቱ ይዞለት ይገባል።»

«ድምፅሽ ሲጠፋበትስ ምን ልንለው ነው?»

«የስልኬ ማይክ ተበላሽቷል ብለሽ ጻፊለት። አንቺ ተጫወቺልኝ።»

ስልክ ከማንሣት ሌላ የማታውቀው እናት መነፅሯን አጥልቃ መልእክቱን እንደምንም ጻፈችና መንዳት ጀመረች። አጥሩን ገጨች፣ ዛፉን ገጨች፤ እሱ ድልድዩ ላይ ቆሞ ሲጠብቃት ግን ዞር ብላም ሳታየው ሽው ብላ አለፈች።

እሱ መኪናውን አስነሥቶ ተከተላት።

«እማማ... እርስዎ ነዎት?»

እናት ደንግጣ ስልኩን አልጋው ላይ ጣለችው። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«በጣም አሟታል?» አለ እሱ።

እናት ማይኩን ከፈተች። «አሟታል ልጄ። አደራህን እንዳትመጣ። ጭንቀቷ ለአባትህ ነው።»

«እሺ፣ አልመጣም» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ግን በየቀኑ እውነቱን ይንገሩኝ። እስከዚያ መንዳት ላስተምርዎ።»

ልጅቷ ትኩሳቷ ሲነሣና ሲበርድ ሁለቱን ትሰማቸዋለች።

«በቀኝ እማማ፣ በቀኝ!»

«ቀኙን መች አጣሁት፣ መኪናው ነው እንጂ እምቢ ያለው!»

አንዳንዴ ትስቃለች። አንዳንዴ ደግሞ ይከፋታል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ልምጣ ብሎ አይለምንም? ራሷ ከልክላ ራሷ ትቀየመዋለች።

ትኩሳቱ የለቀቃት ቀን ስልኩን ከእናቷ እጅ ተቀበለች። ሰላም እንኳ ሳትለው «ለምን አልመጣህም?» አለችው።

«መጥቼ ነበር፤ ደጃችሁ ድረስ። ላንኳኳ እጄን ካነሣሁ በኋላ አባቴ ትዝ አለኝ። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ተመለስኩ፤ ሳትቀየሚኝ አትቀሪም ብዬ።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ተቀይሜህ ነበር። ግን ገብተህ አባትህ አንድ ነገር ቢሆኑ ኖሮ፣ ሁለተኛ ዓይንህን ማየት አልችልም ነበር።»

«እንግዲህ አልገባሁም... ታገቢኛለሽ?»

የስልኩ ድምፅ ጮክ ብሎ ነበር። ሳትመልስለት እናቷ ከወጥ ቤት ተጣራች፦

«እሺ በይው እንጂ! እኔ እንደሁ ከተስማማሁ ሰነበትኩ!»

«እማዬ! ይሄንንም አውርታችኋል?»

«አንቺ ስትተኚ ስለ መኪና ብቻ የምናወራ መሰለሽ?»

ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችና፣ እናቷ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሺ» አለችው።