የሁዳ ይግባኝ

እሑድ ጠዋት ተማሪው ገመቹ የማስጠኛ ክፍሉን በር ገፋ ሲያደርገው አልተቆለፈም ነበር። ጋሽ ይርጉ ከጠረጴዛቸው ሥር በጀርባቸው ተዘርረዋል። ግንባራቸውና የግራ ጉንጫቸው ተደቁሷል። ከግድግዳ የተነቀለው ቀይ የእሳት ማጥፊያ አጠገባቸው ወድቋል። አፉ ተሰብሮ የተፋው ቢጫ ዱቄት ከደሙ ጋር ተቦክቶ ምንጣፉ ላይ ደርቋል። ልጁ 911 ደወለና ውጭ ፓርኪንጉ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ፖሊስ ጠበቀ።

የግድያ መርማሪዋ ፅዮን መኳንንት ሬሳውን ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ቦርሳቸው ከኪሳቸው አልወጣም፤ ላፕቶፑም ጠረጴዛው ላይ ነው። የመጀመሪያው ምት ጥሏቸዋል፤ የቀሩት ከወደቁ በኋላ የተሰነዘሩ ናቸው። ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተጠጋግተው ቆመዋል። ስለዚህ ሟቹ ገዳያቸውን አስቀምጠው አነጋግረውታል፤ እሱም የመጣው ሊሰርቅ አልነበረም።

ይርጉ ፕሌኖ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ በጸጉር ቤትና በሞባይል መጠገኛ መካከል ባለችው በዚህች ክፍል ሒሳብና ኬሚስትሪ ያስጠኑ ነበር። ውጤታቸው ወርዶ ፕሮቤሽን፣ ማለትም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ውስጥ የገቡም ሆኑ ከዩኒቨርሲቲ የተሰናበቱ የሐበሻ ልጆች መጨረሻ ላይ የሚመጡት እሳቸው ዘንድ ነው። ልጆቹ ለመመለስ ይግባኝ ሲሉ የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ፊት ምን እንደሚናገሩ ያዘጋጇቸዋል። ውሸት ግን አያስተምሩም ነበር።

ፅዮን በመጀመሪያ የጠየቀችው ገመቹን ነው። ባለፈው ሳምንት ይርጉ ላይ ወንበር ወርውሮ «እገልሃለሁ» ሲል የጸጉር ቤቱ ሰዎች ሰምተውታል። እሱም አልካደም። አምቦ ያለው አባቱ በሕይወት ሳለ ሞቷል ብሎ ይግባኝ ሊጠይቅ ፈልጎ ይርጉ እንቢ አሉት፤ ይግባኙም ውድቅ ሆነ።

«ታዲያ ዛሬ ለምን መጣህ?»

«እሳቸው ራሳቸው ደውለው ጠሩኝ። ኮሙኒቲ ኮሌጅ ገብተህ ውጤትህን አስተካክለህ ትመለሳለህ፤ እሑድ እንጀምር አሉኝ።» ወደ ክፍሉ በር ዞረ። «ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኳቸውም።»

ይርጉ በተገደሉበት ሰዓት፣ ቅዳሜ አመሻሹን፣ ገመቹ ግሬፕቫይን ከተማ ባለ ሆቴል ውስጥ ተረኛ እንደነበር የሆቴሉ ካሜራ አረጋገጠለት።

ይርጉ ቅዳሜ በመጨረሻ ያስጠኗት ተማሪ ሁዳ ነበረች። እሷም አቅራቢያ ባለችው ዋይሊ ከተማ ውስጥ ከአባቷ ከዐብዱሰመድና ከታላቅ ወንድሟ ከአዩብ ጋር ትኖራለች። እናታቸው ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ዐብዱሰመድ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆኑ ቤቱን በአብዛኛው የሚመራው አዩብ ነው።

ሽማግሌው ጥፋታቸውን አልሸሸጉም። የልጃቸው ነገር ስላላማራቸው ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄደው ነበር። ዕድሜዋ የደረሰ ስለሆነ ያለፈቃዷ ስለ ትምህርቷ ምንም መናገር እንደማይችሉ ነገሯቸው። ከዚያ ይርጉ ዘንድ ሄደው የሸሚዛቸውን ኮሌታ አንቀው ጠየቋቸው። ይርጉም «ራሷ ትነግርሃለች» ብቻ አሉ።

«ቅዳሜ ማታ የት ነበሩ፣ ጋሼ?»

«ከኦክላሆማ ገብቼ እዚሁ ተኝቼ ነበር። ክፍሌን ዘግቼ ብቻዬን ነበርኩ፤ ምስክር የለኝም፣ ልጄ።»

ፅዮን ከይርጉ ላፕቶፕ እንዳየችው ሁዳ ከትምህርት ተሰናብታ እንደነበር ስትነግራቸው ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፉ።

አዩብ ረጋ ያለና ሰው አክባሪ ነው። የሚሠራው ኤርፖርቱ አካባቢ ባለ መጋዘን ውስጥ ሲሆን ቅዳሜ አመሻሹን ጂም እንደነበረ ተናገረ። ስለ እህቱ ስትጠይቀው ራሱን ነቀነቀ።

«ማለቴ፣ መሰናበቷን አሁን ከእርስዎ መስማቴ ነው። ለእኛ ምንም አልነገረችንም።»

ሊሸኛት በር ድረስ ወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ።

«ሶ፣ ልጅቷን ባትጫኗት ጥሩ ነው። በሰመር ሁለት ኮርስ ማለፍ አለባት።»

ፅዮን አመስግና ወጣች። ሁዳን የቤቱ ግቢ ውስጥ አገኘቻት። የግንቦት ሙቀት እያቃጠለ ልጅቷ እጅጌ ረጅም ሹራብ ለብሳለች። ውሃ ስትጠጣ እጅጌው ሲሰበሰብ አንጓዋ ላይ የጣት ምልክት የሚመስል ሰማያዊ ሰንበር ታየ።

ሁዳ ቀስ ብላ ተናገረች። ኮሚቴው ጉዳይዋን የሰማው ዓርብ ነው። ውሳኔውንም ያን ዕለት በስልክ ነገሯት፤ የጽሑፉ ሰኞ ይላካል። ወደ ትምህርቷ ተመልሳለች፤ ነገር ግን በሰመር፣ በዕረፍቱ ወራት፣ ሁለት ኮርስ ወስዳ በሁለቱም ቢያንስ ሲ ማምጣት አለባት።

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለጋሽ ይርጉ። ለሌላ ለማንም።»

በማግስቱ ከሰዓት ፅዮን አራቱንም፣ ገመቹንና ሦስቱን የቤቱን ሰዎች፣ ዋይሊ ባለው ቤት ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ አጠገብ ቆመዋል።

«ገመቹ ዝቷል፤ ነገር ግን ሥራ ላይ ነበር» ብላ ጀመረች። «ጋሼ ዐብዱሰመድ ተናደው ነበር፤ ነገር ግን ሊያውቁ የሚፈልጉትን አንድ ነገር ሊነግሯቸው የሚችሉትን ሰው ለምን ይገድላሉ? እስከ ትናንትም አላወቁም ነበር፤ ስነግራቸው ፊታቸውን አይቻለሁ።»

ወደ አዩብ ዞረች።

«አንተ መሰናበቷን ከእኔ እንደሰማህ ነገርከኝ። እኔ ያልኩህ ተሰናብታ ነበር ብቻ ነው። መመለሷንም፣ ስለ ሰመሩ ኮርሶችም አልነገርኩህም። በጽሑፍ ገና አልወጣም ነበር። የሚያውቁት ሁዳና ይርጉ ብቻ ናቸው። ሁዳ አልነገረችህም። ስለዚህ የነገሩህ ይርጉ ናቸው፤ የነገሩህም ከዓርብ በኋላ ነው።»

«ሳት ብሏት ነግራኝ ይሆናል» አለ አዩብ።

«አልነገርኩህም» አለች ሁዳ። ከተሰበሰቡ ጀምሮ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። «ቅዳሜ ልትወስደኝ ስትመጣ ጋሽ ይርጉ ቆይተህ ብቻህን ና አሉህ። መኪናው ውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ።»

«ለምን ጠሩት?» አለች ፅዮን።

ሁዳ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። ሰንበሩ እስከ ክንዷ ድረስ ይሄዳል። አዩብ ስልኳን እየቀማ ውጤቷን ያይ ነበር። ዝቅተኛ ውጤት ባየ ቁጥር ይመታታል። በተመታች ቁጥር ክፍል ትቀራለች፤ በቀረች ቁጥር ውጤቷ ይወርዳል። ይርጉ እውነቱን ለኮሚቴው እንድትናገር አደፋፈሯት፤ ተናገረች። ከዚያ አዩብን ጠርተው ኮሚቴው እንዳመናት እንደሚነግሩት፣ ዳግመኛ ቢነካት ወደ ፖሊስ እንደሚሄዱም እንደሚያስጠነቅቁት ለእሷ ነግረዋት ነበር።

«ጂም ከመግባትህ በፊት ጫማህን ጥለህ መኪናህን ስታሳጥብ የማጠቢያው ካሜራ ቀርጾሃል» አለች ፅዮን። «ዛሬ ጠዋት በፍርድ ቤት ፈቃድ ፈተሽናት። የመቀመጫው ቀበቶ መቆለፊያ ውስጥ ግን የእሳት ማጥፊያው ቢጫ ዱቄት ቀርቷል።»

አዩብ ወደ ፅዮን አልሄደም፤ ወደ ሁዳ ነበር የተወረወረው። ዐብዱሰመድ ከመካከል ገቡና ለእህቱ የተሰነዘረው ቡጢ አፋቸው ላይ አረፈ። ፖሊሶቹ አዩብን ወለሉ ላይ ደፍተው እጁን በካቴና ሲያስሩት እህቱን እየሰደበ ነበር። እሱም ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ተባሮ እንደነበረ፣ እሷን ከዚህ ዕጣ ለማዳን እንደመታት፣ ይርጉ በቤታቸው ጉዳይ ምን አገባው እያለ ይጮህ ነበር። እየጎተቱ አወጡት።

ቤቱ ጸጥ ሲል ዐብዱሰመድ ደም የሞላውን አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«ኮሚቴው ምን ብሎ ጠየቀሽ?»

«ምን ሆነሽ ነው የወደቅሽው አሉኝ።»

ሽማግሌው መዳፋቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«የማያውቁሽ ሰዎች ጠየቁሽ» አሉ። «እኔ ውጤትሽ ስንት ነው እያልኩ ነው የኖርኩት።»